ድመቷን ማን ወሰዳት?

የጃፓናዊው ጁኒቺሮ ታኒዛኪ አጭር ልቦለድ «አንድ ድመት፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች» የሚጀምረው በደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ ሺናኮ ናት፤ ባሏ የፈታት ሴት። የጻፈችው ግን ለቀድሞ ባሏ ለሾዞ ሳይሆን እሷን ተክታ ለገባችው ለፉኩኮ ነው። ባሌን መልሺልኝ አትልም። ዕቃዬን ላኪልኝም አትልም። ሊሊ የምትባለውን ድመት ብቻ ትጠይቃለች። ከዚያ በዚያው በጨዋ አነጋገር አንድ ጠብታ መርዝ ጣል ታደርጋለች፦ ሾዞ ድመቷን ከሰው አስበልጦ ነው የሚወዳት፣ አንቺም ብትጠነቀቂ ይሻላል።

መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ቦታው በኦሳካና በኮቤ መካከል ያለችው አሺያ ናት። ታሪኩን ለጓደኛችሁ በአንድ አረፍተ ነገር ንገሩ ብትባሉ «ኤክሱ ድመቱን ወሰደችበት» ትላላችሁ። እንዲህ ያለ ወሬ ስንሰማ ደግሞ ሁላችንም መርማሪ ፖሊስ እንሆናለን። እውነት እሷ ናት? በምን አወቅክ? ምን ልታደርጋት? ታኒዛኪ ይህን ሁሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይመልስና ይገላገላል። የቀረው መጽሐፍ የሚያሳድደው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ የሚበልጠውም እሱ ነው። የተጠረጠረ ሰው እስከ መጨረሻው በጥርጣሬያችን ልክ ይቀራል ወይ?

ሺናኮን መጠርጠር ይገባል። ሾዞ ቤት ሳለች ድመቷን አትወዳትም ነበር፤ እንዲያውም ትቀናባት ነበር። አሁን ድንገት «ናፈቀችኝ» ስትል ማን ያምናታል? አማርኛ አንባቢ ከደብዳቤው ጎን «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ደግሞም ልክ ነው። ሺናኮ ሊሊን የፈለገቻት ለወጥመድ ነው። ድመቷ እኔ ዘንድ ካለች እሱ አንድ ቀን እግሩ ይመራዋል፣ ብላ ታሰላለች።

ወጥመዱ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የእራቱን ትዕይንት ማየት ይበቃል። ፉኩኮ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ትንንሽ ዓሣ ታቀርባለች። እሷ ራሷ አትወደውም፤ የምትሠራው እሱ ስለሚወድ ነው። ሾዞ ዓሣውን ያነሳል፣ አቼቶውን መጦ ያወጣል፣ አጥንቱን በጥርሱ ይሰባብራል፣ ከዚያ ለሊሊ ይሰጣል። በቃ፣ ይኸው ነው ትዕይንቱ። ዓሣው ከሳህን ወደ ሰው አፍ፣ ከሰው አፍ ወደ ድመት ይሄዳል። ያን ሁሉ የደከመችው ለባሏ መስሏት ነበር፤ ለካ የምታበስለው ለድመት ኖሯል። ድመቷ ከዚህ ቤት ትውጣ ስትል እብድ አትመስልም። ሾዞ ይለማመጣል፣ ቀን ይገፋል፣ በመጨረሻ ይሰጣል። ድመቷን የወሰዳት ሌባ የለም፤ በአንድ ሴት ደብዳቤ፣ በሌላዋ ቅናትና በአንድ ወንድ ልፍስፍስነት ሄደች።

ታዲያ ስርቆቱ የት ነው? ስርቆት አለ፤ ግን የድመት አይደለም። ሺናኮ ታታሪ ሚስት ነበረች። ከትዳሯ የወጣችው የሾዞ እናት ኦሪን ገንዘብ ያላትን ፉኩኮን ልታስገባ ስለፈለገች ነው። ቤቷን፣ ባሏን፣ የደከመችበትን ዓመታት በሙሉ ወሰዱባት፤ «ሌባ» ያላቸው ግን የለም። እሷ አንዲት ድመት ስትጠይቅ ነው ሁሉም ምን አስባ ይሆን ብሎ የሚነቃው። መጽሐፉ ይህን ጮኾ አይናገርም። ግን ሾዞ ሲያሳዝነን ሺናኮ የት እንደምታድር እንዳንረሳ ያደርገናል፦ እህቷ ቤት፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል።

ሕግም እዚህ ጋ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2024 የሰው ውሻ ወይም ድመት መውሰድን ራሱን የቻለ ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስር ይደርሳል። ሰዎቹ ግን ከእንስሳው ጋር በአንድ ቤት ኖረው የተለያዩ ከሆኑ በዚህ ወንጀል አይጠየቁም። ሕግ አውጪዎቹ ገብቷቸዋል፦ የቀድሞ ፍቅረኛ የወሰደውን ውሻ ጉዳይ ፖሊስ አይፈታውም።

ከታኒዛኪ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ሆሊውድ ይህንኑ ነገር ለሳቅ አዋለው። በሊዮ መካሪ «ዘ ኦፉል ትሩዝ» ፊልም አይሪን ደንና ኬሪ ግራንት የሚፋቱ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስተር ስሚዝ በሚባል ውሻ ፍርድ ቤት ይጣላሉ። ዳኛው ውሻው ራሱ ይምረጥ ይላል። ሁለቱም ይጠሩታል። እሷ ግን የውሻውን መጫወቻ ደብቃ ይዛ ኖሮ ብልጭ ታደርግለታለች፤ ውሻው ወደ እሷ ይሮጣል። ትዕይንቱ ዛሬም ያስቃል። ግን ከዚያ በኋላ ውሻው ለፊልሙ መሣሪያ ነው። ባልየው ውሻ ልጠይቅ እያለ ይመላለሳል፣ መጨረሻ ላይ ባልና ሚስቱ ይታረቃሉ፣ ማጥመጃው ሥራውን ይጨርሳል።

ታኒዛኪ ማጥመጃው ሥራውን እንዲጨርስ አይፈቅድም። ሊሊ ሺናኮ ዘንድ ስትደርስ አትበላም፣ አትጠጋም፣ በመስኮት ታመልጣለች። ድሮም እንዲህ ናት፤ ሾዞ ለሰው ሰጥቷት ከሩቅ ከተማ ተመልሳ ታውቃለች። ሺናኮ ዕቅዴ ከሸፈ ብላ ትበሳጫለች። ከዚያ አንድ ሌሊት ሊሊ ተመልሳ መስኮቱ ላይ ትመጣለች። እዚህ ጋ ሺናኮ የምታደርገው ነገር በስሌቷ ውስጥ አልነበረም፦ አቅፋ ትይዛታለች። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ድመቷ ሾዞን መጥሪያ መሆኗ ይቀርና ሊሊ ትሆናለች። ለራሷ እንኳ የማይተርፋት ሴት ለአሮጊት ድመት መብልና መኝታ ታሰናዳለች።

ተረታችን የሚገለበጠው እዚህ ነው። ለይምሰል የመነኮሰችው ሺናኮ የምር መነኮሰች። የወደደች መስላ ጀምራ ወደደች። ጠርጣሪዎቿ አልተሳሳቱም፣ ግን እውነታቸው ጊዜው አለፈበት። መጽሐፉን ከብዙ የመለያየት ታሪክ የማስበልጠው በዚህ ነው። የተለየንን ሰው በመጨረሻው ጥፋቱ ላይ ቸንክረን እናስቀምጠዋለን፤ እኛ ሳናይ ሊለወጥ እንደሚችል ማሰብ አንወድም።

ጉድለት የለውም አልልም። ፉኩኮ ተበድላለች። ታኒዛኪ ለሺናኮ የሰጣትን የብቻ ሰዓት ለእሷ አልሰጣትም፤ ከዓሣው ትዕይንት በኋላ ሰነፍና ቀናተኛ ሆና ብቻ ትቀራለች። ያን ዓሣ የሠራች ሴት ውስጧን ብናይ መጽሐፉ ይበልጥ ይከብድ ነበር። ድመቷ የዚህ ምልክት ናት፣ የዚያ ምሳሌ ናት የሚለውን ትንታኔ ደግሞ አልቀበልም። ሊሊ የምትበላ፣ የምትሸሽ፣ የምታረጅ ድመት ናት፤ መጽሐፉም ኃይል ያገኘው ድመት ሆና በመቅረቷ ነው።

መጨረሻውን አንብባችሁ ፍረዱ። ሾዞ ሊሊን ለማየት ሺናኮ ቤት አካባቢ ይደበቃል፣ በኋላም እሷ በሌለችበት ሰዓት በእህቷ ረዳትነት ሹልክ ብሎ ይገባል። እንደ ሌባ። የሊሊን ምግብና ማረፊያ ያያል፤ ማን እንዳሰናዳው ይገባዋል። ሊሊ እሱ እንደናፈቃት አልናፈቀችውም። የእግር ኮቴ ሲሰማ ሮጦ ይወጣል። ሺናኮ ተባርራ ክፍል አገኘች፣ ሊሊ ተሰጥታ መኝታ አገኘች። ቤት የሌለው በገዛ ቤቱ የቀረው እሱ ነው።