የሴት ገጸ ባሕርይ አሣሣል በ«ኤልየን» ፊልሞች

በምዕራቡ ዓለም አስፈሪ ፊልሞች ውስጥ ለሴት ገጸ ባሕርይ ተለይቶ የተሰጠ አንድ የቆየ ተግባር ነበር፤ መጮኽ። ጭራቁ ሲመጣ ትጮኻለች፣ ስትሸሽ ተደናቅፋ ትወድቃለች፣ በመጨረሻም ወይ ትሞታለች ወይ ወንዱ ደርሶ ያድናታል። የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልምም ስለ መጪው ዘመን እናገራለሁ እያለ በዚህ ረገድ ካለፈው ዘመን እምብዛም ፈቀቅ አላለም ነበር። መንኮራኩሩ ከዋክብትን ሲያቋርጥ ሴቲቱ ከጓዳ አልወጣችም።

እ.ኤ.አ. በ1979 በሪድሊ ስኮት አዘጋጅነት ለዕይታ የበቃው «ኤልየን» (ባዕድ ማለት ነው) እና እርሱን ተከትለው እስከ 1997 የቀረቡት ሦስት ፊልሞች ይህን ልማድ ይፈታተናሉ። የመጀመሪያውን ፊልም ድርሰት የጻፈው ዳን ኦባነን ገጸ ባሕርያቱ በወንድም ሆነ በሴት ሊተወኑ እንደሚችሉ በጽሑፉ አመልክቶ ነበር። ዋናው ሚና፣ የሪፕሊ ሚና፣ ለተዋናይት ሲጎርኒ ዊቨር እንዲሰጥ በሩ የተከፈተው ከዚህ ላይ ነው።

«ኖስትሮሞ» 20 ሚሊዮን ቶን ማዕድን የምትጎትት የጭነት መርከብ ናት። ሰባቱ ሠራተኞቿ ደመወዝተኞች እንጂ ጀግኖች አይደሉም፤ ፓርከርና ብሬት የተባሉት መካኒኮች ገና ከእንቅልፋቸው እንደነቁ የሚያነሡት ስለ ድርሻቸው ማነስ ነው። ካፒቴኑ ዳላስ ባዕድ ፍጡር ፊቱ ላይ የተጣበቀበትን ኬይንን ይዞ ከመርከቧ በር ሲደርስ፣ በውስጥ ኃላፊ ሆና የቀረችው ሪፕሊ «አልከፍትም» ትላለች። ደንቡ በሽታ የሚያሠጋ ሰው 24 ሰዓት ተለይቶ እንዲቆይ ያዝዛል። በልማዱ ቢሆን ሴቲቱ መራራት፣ ሕግ መጥቀስ ደግሞ የወንዱ ድርሻ ነበር። እዚህ የሚማፀነውም የሚቆጣውም ወንዱ አዛዥ ነው፤ አእምሮዋን ያልሳተችው እርሷ ናት። በሩን የሚከፍተው የሳይንስ ሹሙ አሽ ሲሆን፣ እርሱም ሰው ሳይሆን ኩባንያው ያስቀመጠው ሰው ሠራሽ ፍጡር መሆኑ ኋላ ይገለጣል። የኩባንያው ትእዛዝ፣ ፍጡሩ ይምጣ፣ ሠራተኞቹ ቢያልቁም ይለቁ የሚል ነበር። የሪፕሊ ቃል ያልተሰማው እንግዲህ ሴት ስለሆነች ብቻ ሳይሆን ደንቡ ከትርፍ ፊት ስለቆመ ነው። የፆታ ጥያቄን ከሥራና ከጥቅም ጥያቄ ነጥለው የሚያዩ ተቺዎች ይህን ትዕይንት ደግመው ቢመለከቱት መልካም ነው።

ከዚህ የጠለቀው ግልበጣ በማዕድ ዙሪያ ይታያል። ፍጡሩ በአፉ በኩል ዘሩን ያኖረበት ኬይን ሲበላ ሲስቅ ቆይቶ በድንገት ያምጣል፤ የተወለደውም ደረቱን ቀድዶ ይወጣል። መደፈር፣ መፀነስ፣ በምጥ መሞት የሴት ብቻ ተደርገው የኖሩ ሥጋቶች ናቸው። እዚህ ወደ ወንድ አካል ተሻገሩ፤ የሴትን ሰቆቃ ከሩቅ ሆኖ ማየት የለመደው ወንድ ተመልካችም መሸሻ አጣ።

ፊልሙ ከአሮጌው ልማድ ፈጽሞ ነፃ ወጥቷል ማለት ግን አይደለም። ሁለተኛዋ ሴት ላምበርት እንደ ቀደምቶቿ ታለቅሳለች፣ ፈዝዛ እንደቆመችም ትሞታለች። ሪፕሊም በመጨረሻው ፍልሚያ ዋዜማ በውስጥ ልብስ ብቻ ትታያለች፤ ገበያው ድርሻውን ሳይወስድ አልለቀቃትም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ካሜሮን ያዘጋጀው ሁለተኛው ፊልም በብዙዎች ዘንድ የተወደደ ሲሆን ዊቨርንም ለኦስካር ሽልማት ዕጩ አድርጓታል። ሪፕሊ እዚህ የጦር ተሽከርካሪውን መሪ ይዛ ወታደሮቹን ከወጥመድ ታወጣለች፣ በጭነት ማንሻ መሣሪያ ውስጥ ገብታም ንግሥቲቱን ትገጥማለች። ድል የተገኘው በወደብ ሠራተኛ መሣሪያ መሆኑ ግሩም ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ የምትዋጋበት ምክንያት ተለውጧል። ኒውት የምትባል ወላጅ አልባ ሕፃን ተሰጥታታለች። በ1979 የራሷ ሕይወት በቂ ምክንያት ነበር፤ በ1986 ግን ጀግንነቷ በእናትነት መፈቀድ አስፈለገው። ቅሬታው እናትነት ስላነሰ አይደለም፤ ወንዱ ጀግና አባት መሆኑ የማይጠየቅ ሆኖ ሳለ እርሷ መጠየቋ ነው እንጂ።

ዴቪድ ፊንቸር በ1992 ያዘጋጀው ሦስተኛው ፊልም ሕፃኒቱን ከመነሻው ገድሎ ሪፕሊን ፀጉሯን ተላጭታ በወንዶች ወህኒ ውስጥ ይጥላታል። ብዙ ተመልካች በዚህ ተቆጥቷል፤ ድርሰቱም በየቦታው የላላ ነው። ፍጻሜው ግን ከሁለተኛው ይልቅ ደፋር ነው። ንግሥቲቱን በሰውነቷ ተሸክማ ሳለ የኩባንያው መልእክተኛ ይመጣል፤ በቀዶ ሕክምና እናወጣልሻለን፣ ገና ልጆች ትወልጃለሽ ብሎ ያባብላታል። ሪፕሊ ወደ ማቅለጫው እቶን ትወድቃለች። ዣን ፒየር ዠኔ በ1997 ያዘጋጀው አራተኛው ፊልም ደግሞ ከ200 ዓመት በኋላ ከደሟ ቅሪት እንደገና ያበጃታል፤ ያበጇትም ሰዎች የፈለጉት እርሷን ሳይሆን በውስጧ ያለውን ነው።