አንድ ካሬ ሜትር

አዲስ አበባ እህል በረንዳ ውስጥ ጤፍ የሚገዛው በዓይን ብቻ አይደለም። ጭነቱ ከአይሱዙው ወርዶ ሲደረደር፣ ሥራውን የሚያውቅ ነጋዴ የማዳበሪያውን አፍ ፈትቶ ከላይ ያለውን በማየት አያበቃም፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከሆዱ ይዘግናል። የዘገነውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ወደ ብርሃን ያዞረዋል፣ በአውራ ጣቱ አሸት ያደርገዋል፣ እፍ ይልበታል። እብቁ በንኖ ይሄዳል። ከጤፉ ጋር የቀረው ጥቁር ነጥብ የዋልካ አፈር ይሁን የአረም ፍሬ፣ አሸዋው ከአውድማው የመጣ ይሁን ሆን ተብሎ የተጨመረ፣ ለይቶ ይናገራል። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ ቢመዘን ከአንድ ግራም ሲሶ ብዙም አይርቅም፤ እንግዲህ ይህ ሰው መዳፉ ላይ የያዘው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል ቀዩ ከነጩ ምን ያህል እንደተቀላቀለ አይቶ «ማኛ»፣ «ነጭ»፣ «ሰርገኛ» ይላል። የኩንታሉ ዋጋ የሚቆመው በዚያች ቃል ላይ ነው።

ከመጋዘኑ ደጃፍ የሚያበጥሩት ሴቶች እጅም ቆሞ መመልከት የሚገባው ነው። ሰፌዱ ሁለት ዓይነት አካሄድ አለው። ሲያበጥሩ ወደ ላይ ነው፤ እህሉ ተነሥቶ ሲመለስ ቀላሉ ገለባ ከሰፌዱ ከንፈር አልፎ መሬት ይወድቃል። ሲያንገዋልሉ ግን ሰፌዱ ወደ ላይ አይነሣም፣ ባለበት ይዞራል፤ ቀላሉ ነገር ከላይ መሀል ላይ ተሰብስቦ በጣት ጫፍ ይነሣል። ወንፊቱም ለጤፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ጤፉን አሳልፎ ግርዱን ያስቀራል፣ ሌላው ጤፉን አስቀርቶ አፈሩን ያወርዳል። አንዲት ሴት ሁለቱን ወንፊትና ሰፌዱን አፈራርቃ ግርዱን ከምርቱ ስትለይ አንዲት ፍሬ ያለ ቦታዋ አትወድቅም።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን የማያልፈው ድንበር አለው። ጤፉ የበቀለበት መሬት የለማው በዳፕና በዩሪያ ይሁን በኮምፖስት፣ መዳፍ አይለየውም። ሁለቱም ነጭ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሁለቱም ንጹሕ። እህሉ ከገጠር ሰብሳቢው ወደ ከተማ ነጋዴው፣ ከዚያም ወደ እህል በረንዳ እስኪደርስ የብዙ ገበሬ ምርት በአንድ ክምር ይደባለቃል፤ ማን መሬቱን ምን እንዳበላው የሚናገር ምልክት አይተርፍም። ያንን ለማወቅ ማሳው ድረስ ሄዶ የሚመዝን ሌላ እጅ ያስፈልጋል። ላመሰግነው የተነሣሁት ያንን እጅ ነው፤ የሠራውም ትግራይ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከትግራይ ክልል ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ በአራት መንደሮች የኮምፖስት ሥራ ጀመረ፤ ከአራቱ አንዷ ከሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ነበረች። ከሥራው ጀርባ የቆሙት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በሙያቸው የዕፅዋት ሳይንቲስቶች ነበሩ። ዶክተር ተወልደን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው አፍሪካን ወክለው በዓለም አቀፉ የደኅንነተ ሕይወት ድርድር ባደረጉት ክርክር ነው። ወይዘሮ ሱ ደግሞ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ ለይቶ በመዘገበው በታላቁ «ፍሎራ» አዘጋጅነት ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰው ናቸው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ዶክተሩ በ2023 አርፈዋል። የአበባን ቅጠልና ዘንግ ሲቆጥር የኖረ ሰው ለገበሬ መመሪያ ሲጽፍ ያስታውቃል፤ የኮምፖስት መመሪያው ውስጥ «በርከት አድርጎ» ወይም «እንደ ነገሩ» የሚል ነገር አይገኝም።

የኮምፖስቱ ጉድጓድ ሲሞላ ቅደም ተከተል አለው። ከሥር የሚነጠፈው ደረቅ አገዳ ነው፣ የበቆሎ ወይም የማሽላ፤ እርስ በርሱ ስለማይጣበቅ ትርፉን ውኃ ያሳልፋል፣ አየርም ያስገባል። በላዩ ደረቁና እርጥቡ ቅጠል፣ አረሙ፣ ከአጥር የተቆረጠው ይደለደላል፤ ውፍረቱ ከስንዝር ብዙም አያልፍም። ከዚያ እበት ወይም ፍግ፣ ስስ ተደርጎ። ከዚያ አፈር፣ ለመሸፈን ያህል ብቻ። አፈሩ ላይ ካለፈው ዓመት ኮምፖስት ጥቂት ቢጨመርበት ሥራው ይፈጥናል፣ ሊጥ ላይ እርሾ እንደሚጨመር ማለት ነው፤ አብላዩ ሕይወት አብሮ ይገባልና። በየንጣፉ ውኃ ይርከፈከፋል። ይኸው እየተደጋገመ ጉድጓዱ ሲሞላ አናቱ በጭቃ ይለሰንና በሰፋፊ ቅጠል ይሸፈናል፤ ፀሐይ እርጥበቱን እንዳትጠጣው፣ ዝናብም ሲሳዩን አጥቦ እንዳይወስደው።

መሀሉ ላይ አንድ ዱላ ቆሟል። ከሥር እስከ አናት ዘልቆ ጫፉ ከክዳኑ በላይ ወጥቶ ይታያል። ከሳምንት በኋላ ገበሬዋ ዱላውን ነቅላ ወዲያው በእጇ ትዳስሰዋለች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸተዋለች። ዱላው ሙቅና እርጥብ ከሆነ፣ ሽታውም ደኅና ከሆነ፣ ውስጡ ያለው እየበሰለ ነው። ደረቅ ሆኖ ከወጣ ውኃ አንሶታል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ይርከፈከፍለታል። ቀዝቃዛና ርጥብ ሆኖ ከከረፋ ደግሞ ውኃው በዝቶ አየር አጥሮታል፤ ተገልብጦ ደረቅ ነገር ሊጨመርበት ይገባል። ዱላው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የሠራው ቀዳዳ ራሱ የአየር መግቢያ ነው።

በዚህ ዱላ ላይ ብዙ መቆየቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአጥር የተቆረጠ እንጨት ሙቀትን፣ እርጥበትንና አየርን በአንድ ጊዜ ሲለካ፣ ዋጋው ምንም፣ ሲሰበርም የሚተካው ከዚያው አጥር። የምርምር ሰው ከላቦራቶሪው ይዞት ሊመጣ የሚችለው ሌላ ማናቸውም መለኪያ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቅ ነበር። ሊጥ ሲቦካ፣ ጠላ ሲፈላ በማሽተትና በመዳሰስ የምታውቅ ሴት የዱላውን ንግግር ለመስማት ሥልጠና የሚያስፈልጋት ለአንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አስተማሪዋ እሷ ናት።

የዘዴው ሥር ሩቅ ነው። አልበርት ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የእርሻ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ህንድ ውስጥ ኢንዶር በምትባል ከተማ የሠራውና ስሙ በከተማይቱ የተጠራው የብስባሽ አሠራር የብዙዎቹ አያት ነው። ትግራይ ውስጥ ግን እንዳለ አልተገለበጠም። እንደ ብዙው ደጋችን ሁሉ እዚያም እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ፍግ እንደ ልብ የሚጠይቅ ዘዴ በመጀመሪያው ዓመት በቀረ ነበር። ስለዚህ ሸክሙ ወደ ቅጠሉና ወደ አረሙ ዞረ። ጊዜውም ተመረጠ፦ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ አረንጓዴው በሞላበትና ውኃ ሩቅ ባልሆነበት ወራት፣ አረሙም ፍሬ ሳይቋጥር። ፍሬ የቋጠረ አረም ጉድጓዱ በደንብ ካልሞቀ ተመልሶ ማሳው ላይ ይበቅላልና።

አሁን ወደ ርዕሴ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 በየመኸሩ ቡድኑ ገበሬዎቹ ማሳ ላይ እየወረደ ምርቱን መዘነ። ኮምፖስት የገባበት፣ ፋብሪካ ማዳበሪያ የገባበት፣ ምንም ያልገባበት ማሳ ይነጻጸራል። ከእያንዳንዱ ማሳ ሦስት ቦታ ይወሰዳል፤ የሰብሉን ጥሩውንም ደካማውንም እንዲወክል። እያንዳንዱ ቦታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይለካና በውስጡ ያለው ብቻ ይታጨዳል፣ ለብቻው ይወቃል፣ ፍሬውና ጭዱ ለየብቻ ሚዛን ላይ ይወጣል።

ሲነገር ቀላል ነው። የደረሰ ጤፍ ማሳ ውስጥ ገብቶ ለሠራው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ጤፍ ይጋሽባል፤ ሥሩ ከአራት ማዕዘኑ ውስጥ ሆኖ ዛላው ውጭ የወደቀ አለ፣ ሥሩ ውጭ ሆኖ ዛላው ውስጥ የተኛ አለ። አጫጁ ሥሩን ተከትሎ ካልለየ ሚዛኑ ይዋሻል። የዚያች ትንሽ ነዶ ፍሬ ሲወቃ ትንሽ ነፋስ ትበቃዋለች። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የባከነች አንዲት ግራም በሄክታር ስትሰላ አሥር ኪሎ ትሆናለች፤ ሦስት ሺህ ያህል ፍሬ መሬት ላይ ቢረሳ ቁጥሩ በዚያው ልክ ይሳሳታል። ይህ ጥንቃቄ እህል በረንዳ ላይ ሰፌድ ከያዘችው ሴት ጥንቃቄ የሚለየው በቦታው ብቻ ነው።

ጭዱን መመዘናቸው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ደስ ያሰኘኛል። ብዙ የምርት ጥናት ፍሬ መዝኖ ይጨርሳል። ለገበሬ ግን ጭድ ግማሽ ምርት ነው፤ በሬው በጋውን የሚያልፈው በእሱ ነው፣ የቤቱ ጭቃ የሚያዘው በእሱ ነው። ጭዱን ሚዛን ላይ ያወጣ ተመራማሪ ገበሬው ቤት ገብቶ ያየ ሰው ነው።

በዚህ መንገድ ከ974 ማሳዎች የተሰበሰበው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በኩል ታትሞ ወጣ። ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ባቄላ፣ ገብስና ስንዴ አብሮ የሚዘራበት ሐንፈጽ ሳይቀር አለበት። በጥቅሉ ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጥፍ ያህል ሰጠ፤ ፋብሪካ ማዳበሪያ ከተደረገበትም በለጠ። ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያነሣል፤ ማነሣቱም ትክክል ነው። የትኛው ማሳ ኮምፖስት እንደሚያገኝ የመረጠው ገበሬው ራሱ ነው፤ ማንም ሰው ደግሞ የደከመበትን ነገር ለቤቱ ቅርብና ለዓይኑ ደስ ለሚለው መሬት ማድላቱ አይቀርም። የምርምር ጣቢያ ሙከራ ይህን በዕጣ ያስወግደዋል። እኔ ግን ጣቢያ ውስጥ ከሚገኝ የጠራ ቁጥር ይልቅ ገበሬው በገዛ በሬውና በገዛ ጊዜው ካገኘው ላይ የተወሰደው ቁጥር ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም እሱን ሊደግመው የሚችል ጎረቤት አለው።

ጎረቤትም ደገመው። የክልሉ ግብርና ቢሮ ሥራውን ወደ ሌሎች ወረዳዎች አስፋፋ፤ በትግራይ የፋብሪካ ማዳበሪያ አጠቃቀም እ.ኤ.አ. በ1998 ከነበረበት 13 ሺህ 700 ቶን በ2005 ወደ 8 ሺህ 200 ቶን ወረደ። ገበሬዎቹ ራሳቸው ያስተዋሉት ደግሞ አለ፦ ኮምፖስት የጠገበ መሬት በማግሥቱ ዓመት ምንም ሳይጨመርበት ደኅና ያበቅላል። ስለዚህ የዘንድሮው ጉድጓድ ለሌላ ማሳ ይተርፋል። ዩሪያ እንዲህ አያደርግም፤ በየዓመቱ ብሩን ይጠይቃል፣ ዝናቡ ሲቀርም ዕዳው አይቀርም።

ገበሬን ዳኛ ያደረገ ሌላም ሥራ አለ። አማራ ክልል መቄት ውስጥ ገረገራ፣ ትግራይ ውስጥ ደግሞ ሐገረ ሰላም ላይ 400 ዓይነት የኢትዮጵያ ስንዴ ተዘርቶ 60 ገበሬዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በየመደቡ እየዞሩ ዛላውን፣ አበቃቀሉን፣ አጠቃላይ መልኩን ነጥብ ሰጡ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የጣሊያን ተመራማሪዎች ነጥቡን ከራሳቸው ልኬትና ከዘረ መሉ ጋር አገናኙት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ማዳበሪያ ለማይገዛ ገበሬ የሚሆነው ዘር ብዙ ጊዜ ከአያቱ ጎተራ የወጣው መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ገበሬው በዓይኑ የሰጠው ነጥብ እንደ መረጃ መቆጠሩ ምን ያህል የዘገየ ፍትሕ እንደሆነ ይገባዋል። በሁለቱም ክልል ከዚያ ወዲህ ጦርነት አልፏል፤ ዘርም፣ በሬም፣ ሰውም የጠፋበት ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ዱላ ማቆም ግን ከእጅ የማይወሰድ ዕውቀት ነው።

የቀረው መንገድ ከአውድማው እስከ እህል በረንዳ ያለው ነው። ሕጉ አለ፤ የኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። አርአያም አለ፤ የኦሮሚያና የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች ያለ ኬሚካል የበቀለ ቡናቸውን ለይተው፣ በወረቀት አስመስክረው፣ በስሙ ይሸጣሉ። ለቡና የተቻለው የገዢው አገር ስለጠየቀ ነው። የጤፍ ገዢ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ እንጀራ የምትጋግረዋ እናት፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ሆቴሉ። አንድ ዩኒየን ኮምፖስት የበላ መሬት ጤፍን ከአውድማው ጀምሮ ለብቻው ከትቶ፣ የገበሬውን ቀበሌ ከረጢቱ ላይ ጽፎ ቢያመጣ፣ እህል በረንዳ ያለው ነጋዴ የከረጢቱን አፍ ፈትቶ እጁን ሲሰድ ከማኛውና ከሰርገኛው ሌላ የሚጠራው አንድ ስም ይኖረዋል፤ ለዚያ ስም ዋጋ ማውጣትም እሱን አያስቸግረውም።