ኃይሉን ያጣው ጠቢብ፦ የኧርዝሲ ተከታታይ መጻሕፍትና የአንባቢዎቻቸው ቅሬታ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ጉዊን የኧርዝሲን ደሴቶች በሰፊው ለአንባቢ ያስተዋወቀችው በሦስት ልብ ወለዶች ነው፤ «የኧርዝሲው ጠቢብ» እ.ኤ.አ. በ1968፣ «የአቱዋን መቃብሮች» በ1971፣ «ሩቁ ዳርቻ» በ1972 ታተሙ። በዚህ ዓለም የአስማት ኃይል የሚመነጨው የነገሮችን እውነተኛ ስም ከማወቅ ነው። በጎንት ደሴት ፍየል ሲጠብቅ ያደገው ጌድ ይህን ጥበብ በሮክ ደሴት ትምህርት ቤት ተምሮ የጠቢባን ሁሉ አለቃ እስከ መሆን ይደርሳል። በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ በሕያዋንና በሙታን መካከል የተከፈተውን በር ሲዘጋ ኃይሉን በሙሉ አሟጥጦ በዘንዶ ጀርባ ወደ አገሩ ይመለሳል። ታሪኩ በዚሁ የተቋጨ ይመስል ነበር።

አራተኛው መጽሐፍ «ቴሃኑ» የወጣው ከ18 ዓመት በኋላ በ1990 ነው። የኔቡላን ሽልማት ቢያገኝም ከቀደሙት መጻሕፍት ወዳጆች ብዙዎቹን ቅር አሰኝቷል። እነሱ የጠበቁት የባሕር ጉዞን፣ በሦስተኛው መጽሐፍ ለዙፋን የበቃው አዲሱ ንጉሥ የሚያቀናውን አገር፣ ምናልባትም የጌድን ኃይል መመለስ ነበር። ያገኟት ግን ቴናርን ነው፤ በሁለተኛው መጽሐፍ የመቃብሮቹ ወጣት ካህን የነበረችው ቴናር የገበሬ ሚስት ሆና፣ ልጆች አሳድጋ፣ ባሏ ሞቶባታል። የገዛ ወገኖቿ እሳት ውስጥ የጣሏትን ቴሩ የተባለች ሕፃን ታስታምማለች። ጌድ በበኩሉ ከንጉሡ መልእክተኞች በሀፍረት ይሸሸጋል፤ ተራራ ወጥቶ እንደ ልጅነቱ ፍየል ይጠብቃል፤ ቴናርን ሊያጠቁ በሌሊት የመጡትን ሰዎች የሚመክታቸውም በመንሽ ነው።

ከሁሉ የበረታው ነቀፌታ ደራሲዋ የሴቶችን ጥያቄ ከውጭ አምጥታ በአሮጌው ዓለም ላይ ጫነችበት የሚለው ነው። ይህ ግን ሦስቱን መጻሕፍት በቅጡ ካለማንበብ የመጣ ነው። የሮክ ትምህርት ቤት የወንዶች ብቻ እንደሆነ፣ የመንደር ሴቶች አስማትም የተናቀ እንደሆነ ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል። ቴናር ከመቃብሮቹ ከወጣች በኋላ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚጠብቃትም በ1971 መልስ አላገኘም። ለ ጉዊን ራሷ በ1992 ኦክስፎርድ ላይ ባደረገችው ንግግር የቀደሙትን መጻሕፍት የጻፈችው ጀግና ማለት ወንድ በሆነበት ልማድ ውስጥ ሆና እንደነበር አስረድታለች። «ቴሃኑ» ያንኑ ዓለም ከምድጃው ዳር ሆኖ ይመለከተዋል። ኃይሉን ያጣ ሰው እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄም ከ«ሩቁ ዳርቻ» ፍጻሜ በቀጥታ የተወለደ ነው፤ የጌድ ኃይል ቢመለስ ኖሮ የከፈለው መሥዋዕትነት ከንቱ በቀረ ነበር።

የመጽሐፉ እውነተኛ ድክመት በጠላቱ ላይ ይታያል። አስፐን የተባለው ጠቢብ ሴትን ከመጥላት በቀር ይህ ነው የሚባል ባሕርይ የለውም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጌድን ያሳደደው ጥላ ከራሱ ትዕቢት የወጣ፣ በመጨረሻም በገዛ ስሙ የጠራው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ሳሳ ያለ ክፉ ሰው ማግኘት በእርግጥ ያሳዝናል። ቴሩ የጠራችው ዘንዶ ካሌሲን በመጨረሻዎቹ ገጾች ደርሶ ጠላትን በእሳት ማጥፋቱም በቀስታ የተገነባውን ታሪክ በችኮላ ይዘጋዋል።

ከተከታታዮቹ መጻሕፍት መካከል በ2001 የወጣው «ሌላው ነፋስ» የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን አግኝቷል። ቀዳሚዎቹን መጻሕፍት የጎዳው ግን እሱ ነው። በ«ሩቁ ዳርቻ» ደረቁ የሙታን ምድር የሰው ሁሉ ዕጣ ነበር፤ ጌድ ወጣቱን ንጉሥ የሚያስተምረውም ሞትን ያልተቀበለ ሕይወትንም እንደሚያጣ ነው። በ«ሌላው ነፋስ» ግን ያ ምድር የጥንት ጠቢባን ዘላለማዊነትን ሽተው ከዘንዶዎች የነጠቁት ስፍራ ሆኖ ይገኛል፤ ሕያዋንን ከሙታን የሚለየው የድንጋይ ግንብ ይፈርሳል፣ ሙታንም ነጻ ይወጣሉ። ትዕይንቱ ውብ ነው፤ ይሁን እንጂ የሰው ሁሉ ዕጣ የነበረው ነገር የጥቂቶች በደል ሲሆን በሦስተኛው መጽሐፍ የተሰጠው ትምህርት መሠረቱን ያጣል። በ«ቴሃኑ» ላይ የወረደው ቅሬታ ይገባ የነበረው ለዚህ መጽሐፍ ነው።