በሰው ለቅሶ የራስን ሙት ማልቀስ፦ ሙሾና የኪነ ጥበብ ፋይዳ

ስለ ኪነ ጥበብ ፋይዳ በአማርኛ ሲጻፍ ሁለት ቃላት ተደጋግመው ይመጣሉ፤ ማስተማርና ማዝናናት። ሐሳቡ የቆየ ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ወይ ሊጠቅም ወይ ሊያስደስት እንደሚሻ ጽፏል። ከመማሪያ መጽሐፍ እስከ መጽሐፍ ምረቃ ንግግር ድረስ ዛሬም የምንሰማው ይኸንኑ ነው። እኔ ይህን መልስ በሙሾ ልፈትነው እወዳለሁ። ለቅሶ ቤት ሊዝናና የሚሄድ የለም። ሊማር የሚሄድም የለም፤ ሞት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ሐዘንተኛ ጩኸትና እንባ እያለው ግጥም ምን ያደርግለታል?

ሙሾ አውራጇን ቀረብ ብለን እንያት። ግጥሟ አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቤት የሚመታ ሁለት ስንኝ። የመጀመሪያውን ስትል ለቅሶው ረገብ ይላል፤ ሰው ጆሮውን ይሰጣታል። ሁለተኛው ቤት ሲመታ እንባ ይፈነዳል፣ ደረት ይደቃል፣ ተቀባዮች ይቀበላሉ። ከዚያ ደግሞ ረገብ፣ ደግሞ ስንኝ። ሐዘንተኛው ለብቻው ቢተው ድምፁ እስኪዘጋ ይጮህ ነበር፤ የግጥሙ ምት ግን የሚያለቅስበትንና ትንፋሽ የሚሰበስብበትን ጊዜ ይለይለታል። ይዘቱም ስለ ሞት በጥቅሉ አይደለም። ሟች ጠምዶ ያረሰላት ባሏ የሞተባት ጎረቤት፣ ያስታረቃቸው ባላንጣዎች፣ ሳይድራት የቀረች ልጁ እየተነሡ ይወሳሉ። ከሩቅ አገር የመጣች እህት ድንኳኑ ደጃፍ ስትደርስ አውራጇ የጀመረችውን ትታ ግጥሙን ወደ እሷ ታዞራለች፤ ቀብር ያልደረሰችውን እህት ከወንድሟ ጋር በስንኝ ታነጋግራታለች። ይህ ሁሉ እዚያው በቆመችበት የሚገጠም ነው። እንዲህ ያለ የቅጽበት ድርሰት በጽሑፍ ግጥማችን ከምናደንቀው ብዙ ሥራ አያንስም ብዬ አምናለሁ።

አንዳንዷ አልቃሽ ግን ሟቹን በሕይወት ሳለ አይታው አታውቅም፤ ተጠርታ፣ ዋጋ ተቆርጦላት የመጣች ናት። ሌቭ ቶልስቶይ በ1898 በታተመው «ኪነ ጥበብ ምንድን ነው?» በተባለው መጽሐፉ ጥበብን ከያኒው የኖረውን ስሜት ወደ ሌሎች የሚያጋባበት ሥራ ያደርገዋል፤ ዋና መመዘኛውም የከያኒው ቅንነት ነው። በዚህ ሚዛን ለዋጋ የምታለቅስ ሴት ሐሰተኛ ትሆናለች። እዚህ ላይ ከቶልስቶይ ጋር አልስማማም። ሐዘኑ ድንኳኑ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ ማንም ከውጭ ሊያጋባው አያስፈልግም። የጠፋው ቃሉ ነው። አልቃሿ የሟቹን ሥራና የዘመዶቹን ስም ጠይቃ ያንን ቃል ትሠራለች፤ የእሷ ቅንነት የሚለካው በእንባዋ ሳይሆን ስንኙ ሰውየውን በትክክል በመያዙ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ የአቴናው ሕግ አውጪ ሶሎን ሐዘንተኞች ገላቸውን እንዳይቧጭሩ፣ የተሰናዳ ሙሾ እንዳይወርድ፣ በአንዱ ቀብርም ላይ ሌላ ሟች እንዳይለቀስ ከልክሎ ነበር። ይህ ሦስተኛው ክልከላ ያስደንቀኛል። ሶሎን ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚሆነውን አይቶ ነበር ማለት ነው፤ ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ሙት ያለቅሳል። ሆሜርም አይቶታል። በኢሊያድ 19ኛ መጽሐፍ ብሪሴይስ በፓትሮክለስ አስከሬን ላይ ስታለቅስ አብረዋት ያሉት ሴቶች በእሱ ምክንያት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መከራ ያለቅሳሉ። ፕላቶ ደግሞ «ፖሊቴያ» በተሰኘው ሥራው 10ኛ መጽሐፍ ገጣሚዎችን ከከሰሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ በሌላው ሐዘን ማልቀስ የለመደ ሰው በራሱ ሐዘን መጽናት ያቅተዋል ይላል።

ሶሎንና ፕላቶ እንደ ጥፋት የቆጠሩት ነገር ለእኔ የኪነ ጥበብ ዋና ሥራ ነው። ስንኙ ስለ አንድ ሰው፣ ስለ በሬውና ስለ ልጁ በዝርዝር ሲናገር፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴት ከዓመታት በፊት የቀበረችውን ልጇን ታገኛለች። በጥቅሉ ስለ ሞት ቢነገራት ኖሮ ልቧ ባልተነካ። የሌላው ሰው ዝርዝር ሕይወት የራሷን ይቀሰቅስባታል፤ ብቻዋን ያልቻለችውንም እንባ ከሰው መሐል ታፈሰዋለች። ልቦለድም ሆነ ቴያትር ፈጽሞ ያልነበረ ሰው ታሪክ ነግሮ የሚያስለቅሰን በዚሁ መንገድ ነው።

ሙሾ ሁልጊዜ የሚያጽናና ብቻ አይደለም። በሕይወት ሳለ ያልጠየቀውን ወንድም፣ ንብረት ለመካፈል የቸኮለውን ዘመድ በስንኝ መውቀስ ይቻላል። ሌላ ቀን ብትናገረው ጠብ የሚያስነሣባትን ቃል ሴት ልጅ በለቅሶ መሐል ስትለው ይሰማላታል።

ዛሬ በብዙ ከተሞች ድንኳኑ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ መዝሙር ሙሾን እየተካ ነው። ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ የሚለውን የጳውሎስ ምክር ለያዘ ምእመን መዝሙሩ እውነተኛ መጽናኛ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ለሁሉም ሟች አንድ ዓይነት ነው፤ የዚህኛው ሰው ስም የለበትም። ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው በስደት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ መርዶ የተነገረው ሰው ቤት ለቅሶ ሲቀመጡ አስከሬኑም መቃብሩም አገር ቤት ነው። ከለቀስተኞቹም ብዙዎቹ እናት ወይም አባት ሳይቀብሩ የቀሩ ናቸው፤ ሶሎን የከለከለው ዓይነት ለቅሶ ከማንም ይልቅ ለእነሱ ያስፈልጋቸዋል።

እንዲህ በመዝሙር እየተተካ ያለውን ሙሾ የሚሰበስቡ ጥናቶች ግን ስንኙን ብቻ ለቅመው ሲያትሙ የድርሰቱን ግማሽ ይተዉታል። የትኛው ቤት ሲመታ ማን ከመቀመጫው እንደተነሣ፣ አውራጇ ለማን ብላ ሐሳቧን እንደለወጠች፣ ተቀባዮቹ የትኛውን ስንኝ ደግመው እንዳስባሏት አብሮ መመዝገብ አለበት። ይህንን ለመያዝ መቅጃ ይዞ መግባት አይበቃም፤ ለቀስተኞቹን የሚያውቅ፣ ከእነሱም ጋር የሚያለቅስ አጥኚ ያስፈልጋል።