ቀይ ሴሉ መቼ ተወለደ?

የሄፓታይተስ ሲ ታማሚ ደም ካታሌዝ ሊለካበት ሲመጣ አስቀድሜ የማየው ቱቦውን ነው። ከሴንትሪፊውጅ ሲወጣ ከላይ የተንሳፈፈው ፕላዝማ ፈካ ያለ ቢጫ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል። ቀላ ካለ ናሙናው ሄሞላይዝድ ነው፤ ቀይ ሴሎች ፈንድተዋል። የደም ካታሌዝ አብዛኛው ያለው እነሱ ውስጥ ስለሆነ ጥቂቶቹ እንኳ ቢፈነዱ የፕላዝማው ቁጥር ሽቅብ ይወጣል፤ ቫይረሱ እጁ የለበትም። ከሩቅ መጥቶ ክንዱን የሰጠ ሰው ደም መጣል ያሳዝናል። ቢሆንም ይጣላል።

ንባቡ ራሱ አጭር ነው። ቫይረሱ ጉበትን ለዓመታት ሲያቆስል ከሚበዙት ጎጂ ነገሮች አንዱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ካታሌዝ ደግሞ እሱን የሚያፈርስ ፀረ-ኦክሲዳንት ኢንዛይም ነው። ፐርኦክሳይዱ የ240 ናኖሜትር ብርሃን ይመጥጣል፤ ሲፈርስ ንባቡ ይወርዳል፣ የወረደበት ፍጥነት ይያዛል። ኤቢ በሚባለው በዚህ ዘዴ 30 ሴኮንድ ይበቃል፤ ከዚያ ከቆየ ፐርኦክሳይዱ ኢንዛይሙን ራሱን ማዳከም ይጀምራል። ናሙናው የሚቀጠንበት ፈሳሽም (በፈር) ሶዲየም አዛይድ ያልገባበት መሆን አለበት፤ ባክቴሪያ እንዳይበቅል የሚጨመረው ይህ ኬሚካል ካታሌዝንም ሥራ ያስፈታዋል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም በቀይ ሴሎቹ ውስጥ ያለው ካታሌዝ ሲለካ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ቀይ ሴል ኒውክሊየስ የለውም። ከመቅኒ ሲወጣ የያዘውን ኢንዛይም እንደ ስንቅ ይዞ 120 ቀን ያህል ይዞራል፤ ሌላ አይሠራም፤ ዕድሜው ሲገፋ ስንቁ ይሳሳል። ለዓመታት የዚህ በሽታ ሕክምና ኢንተርፌሮንና ሪባቫይሪን ነበር። ሪባቫይሪን ቀይ ሴል ውስጥ ተከማችቶ ያፈርሰዋል፤ መቅኒው በወጣት ሴሎች ሊተካ ሲሞክር ኢንተርፌሮን ይጫነዋል። ስለዚህ ከሕክምናው በፊትና በሕክምናው መሀል በተቀዳው ደም የሴሎቹ ዕድሜ አንድ አይደለም። ውጤቱን ለግራም ሄሞግሎቢን ማካፈል ይህን አያስተካክልም። ቁጥሩ ሲጨምር «መከላከያው አገገመ» ይባላል፤ የበዛው ግን ወጣት ሴል ሊሆን ይችላል። የሬቲኩሎሳይት (የወጣት ቀይ ሴል) ቆጠራ ያልታከለበትን እንዲህ ያለ ውጤት አላምንም።

ዛሬ ብዙዎቹ ታማሚዎች ያለ ሪባቫይሪን፣ በ12 ሳምንት ክኒን ይድናሉ። ታላቅ እፎይታ ነው፤ መከላከያው በእርግጥ አገገመ ወይ የሚለው የእኛም ጥያቄ ጠርቷል። 12 ሳምንት ግን 84 ቀን ነው። መድኃኒቱ ባለቀበት ቀን በሚቀዳ ደም ውስጥ ቫይረሱ ሳለ የተወለዱ ሴሎች ገና ይዞራሉ። መዳኑ የሚረጋገጠው ከዚያ 12 ሳምንት ቆይቶ በሚደረግ ምርመራ ነው። ያኔ ሕክምናው ከተጀመረ 168 ቀን ይሆናል፤ የድሮዎቹ ሴሎች ከሞላ ጎደል ተተክተዋል። ሐኪሞቹን የምለምናቸው በዚያ ቀን አንድ ቱቦ እንዲጨምሩልኝ ነው።