ዝዋይ በመፀው ማብቂያ

ክረምቱ አልፎ የመስቀል አበባ ከረገፈ በኋላ፣ ዘመነ መፀው ሊፈጸም ሲቃረብ፣ በኅዳር ማለቂያና በታኅሣሥ መባቻ አዕዋፍን ለማየት ለሚሻ ሰው፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ የተሻለ ሥፍራ እኔ አላውቅም። የአውሮፓና የእስያ ብርድ ያሳደዳቸው ዳክዬዎችና እግረ ረጃጅም የረግረግ ወፎች ባሕርና ምድረ በዳ ተሻግረው የሚሰነብቱት በዚሁ ወራት ስለሆነ፣ እንግዳውና ባላገሩ በአንድ ማዕድ ይታያሉ።

ዓሣ አጥማጆች በማለዳ መረባቸውን አራግፈው ዓሣውን ሲበልቱ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ በራ ራሱን አዘቅዝቆ እንደ ደብር አለቃ ቀስ እያለ ይቀርባል፤ መልኩ ባያምርም፣ የተጣለውን ሆድ ዕቃ ለቅሞ ዳርቻውን ስለሚያጠራ ምስጋና ይገባዋል። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ጃካና የሚባለው ወፍ ነው፤ ጣቶቹ እጅግ ረጃጅም በመሆናቸው ክብደቱ ተከፋፍሎለት በውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ሳይሰጥም ይራመዳል፤ እንቁላሉን ታቅፎ ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም (እናቶች ይፍረዱ!) አባትየው ነው።

ይህ ሁሉ ሕይወት የቆመው በውሃው ነው። ከዝዋይ ተነሥቶ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ የሚወርደው ውሃ ለመስኖ እየተጠለፈ በመሳሳቱ፣ አብያታ ከቀድሞ ዳርቻው ርቆ ሸሽቷል፤ በሻላ ሐይቅ ደሴት የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ይመገቡት የነበረው ዓሣም ከዚያ ጠፍቷል። ስለዚህ ዝዋይን ለማየት የፈቀደ ሰው አይዘግይ፤ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ይድረስ፤ ቢቻለውም ጀልባ ተከራይቶ፣ ጥንታዊው የደብረ ጽዮን ገዳም ወዳለበት ደሴት ይሻገር።