ከመድረሻው ባሻገር

በካሮል ባላርድ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1996 ለተመልካች የቀረበው «ፍላይ አዌይ ሆም» የተሰኘው ፊልም መነሻው እውነተኛ ድርጊት ነው። ካናዳዊው ቀራፂ ቢል ሊሽማን እ.ኤ.አ. በ1993 በቀላል አውሮፕላን እየመራ የዝይ መንጋ ከኦንታርዮ ወደ ቨርጂኒያ አድርሷል። በኋላም ዘዴው ለሁፒንግ ክሬን ተሞከረ። ይህ ነጭ፣ ባለ ረጅም አንገት ተሰዳጅ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1941 ቁጥሩ ወደ ሃያ ገደማ ወርዶ ነበር። በጥንት ሀገሩ መንገድ የሚያሳይ ወላጅ አልቀረለትም።

በፊልሙ እናቷን በመኪና አደጋ ያጣችው ኤሚ፣ ቡልዶዘር ካፈረሰው ጎጆ ያገኘቻቸውን እንቁላሎች ታስፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ዓይናቸውን ሲከፍቱ ያዩት እርሷን ነውና እንደ እናት ይከተሏታል። የልጅቱ ሐዘንና የጫጩቶቹ ሙት ልጅነት በአንድ ክር መታሰሩ የድርሰቱ ብርታት ነው። የካሌብ ዴሻኔል ካሜራም ከክንፍ ጎን ለጎን ሲበር ተመልካቹን ያስደምማል። ረግረጉን ለመውሰድ የሚሹት የመሬት ነጋዴዎች ግን ጥላ ብቻ ሆነው ቀርተዋል፤ ክፋታቸው ይታያል፣ ጥቅማቸው አይታይም።

ይሁን እንጂ የፊልሙ ዋና ጉድለት ፍቅር ብቻውን ይበቃል ማለቱ ነው። ሊሽማን ከባልደረባው ጋር የመሠረተው «ኦፕሬሽን ማይግሬሽን» ከ2001 ጀምሮ ክሬኖችን ከዊስኮንሲን ወደ ፍሎሪዳ ሲመራ የተፈለገው የዚህ ተቃራኒ ነበር። አሳዳጊው ከራስ እስከ እግሩ በነጭ ልብስ ተሸፍኖ፣ በእጁ የክሬን ራስ ያለው አሻንጉሊት ይዞ፣ ቃል ሳይተነፍስ ይመግባል። ሰውን የለመደ ወፍ ለዱር አይሆንምና። ለተዋናይ ከዚህ የከበደ ሚና ማግኘት ያዳግታል፤ ተመልካቹ ማንነቱን ካወቀ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ፊልሙ ዝይዎቹ ከረግረጉ ሲያርፉ በድል ይደመደማል። የክሬኖቹ ፈተና ግን ከዚያ ወዲያ ነው የመጣው። መንገዱን ተምረው፣ በጸደይ ያለ መሪ ተመልሰው፣ ተጣምረው እንቁላል ጣሉ። ከዚያም ብዙዎቹ ጎጆአቸውን ጥለው ሄዱ። ደም የሚመጥጡ ጥቋቁር ዝንቦች አንዱ ምክንያት ነበሩ። ከተፈለፈሉት ጫጩቶችም ለመብረር የበቁት ጥቂት ናቸው። በ2016 የአሜሪካ መንግሥት የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት፣ ሰው ሠራሽነት የበዛበት አስተዳደግ ወፎቹን ወላጅነት አሳጥቷቸው ይሆናል በሚል፣ በአውሮፕላን መምራቱ እንዲቆም ወሰነ።

ባላርድ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ጥያቄው ግን በእጁ ነበር። የፊልሙን ታሪክ ያንቀሳቀሰው የፈረሰ ጎጆ ነው፤ ካሜራው ግን ከዚያ በኋላ ወደ ጎጆ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለሰም።